በዋልያው ዙሪያ የተሣለው ቅጠል

ሠዓሊ አዳነ የሞተው ግንባሩን በሥራ ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ነው። ቀኝ እጁ በትልቁ ወረቀት ጠርዝ ላይ ተዘርግቷል። ወረቀቱ ላይ አንድ ዋልያ ቀንዱን ወደ ኋላ ጥሎ ቆሟል፤ ዙሪያውን ሁሉ አረንጓዴ ቅጠል ከቦታል። አምስት አረንጓዴ ማርከሮች ከወረቀቱ አጠገብ ተደርድረዋል። ከጠረጴዛው ሥር የከሰል ምድጃ አለ። መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል።

«የከሰል ጭስ ነው» አለ የቀበሌው ሚሊሻ አያ ቢያዝን፣ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው እያዛወረ። «ብርዱ ጠናበት፣ መስኮቱን ዘጋ፣ በቃ።»

«የዘጋው እሱ ከሆነ ነዋ» አለች ዋና ኢንስፔክተር የትነበርሽ፣ ምድጃው ላይ ጎንበስ ብላ። ከሥር አመድ ነው። ከላዩ ግን ግማሹ ብቻ የነደደ ጥቁር ከሰል ተከምሯል። «አያ ቢያዝን፣ እናንተ ቤት ከሰል የሚቀጣጠለው የት ነው?»

«ደጅ ነዋ! ጭሱ ወጥቶለት፣ ፍም ሲሆን ነው ወደ ቤት የሚገባ።»

«እንግዲያው ይህን ጥሬ ከሰል እዚሁ ክፍል ውስጥ የጨመረ ሰው አለ። አዳነ ራሱ ጨመረው እንዳንል ደግሞ ጣቶቹን ይዩአቸው።»

ሚሊሻው አያቸው። የሠዓሊው ጣቶች እንደ ታጠቡ ነበሩ፤ ምንም ዓይነት እድፍ አልነካቸውም።

የትነበርሽ እዚህ ቤት የተገኘችው ተጠርታ አይደለም። ሃያ ሦስት ዓመት ጎንደር ላይ ወንጀል ስትመረምር የኖረች ሴት ናት፤ በዚያን ዕለት ግን ሥራዋን ትታ ለእህቷ ልጅ ሠርግ በአውቶቡስ እየተጓዘች ነበር። ከድብ ባሕር በላይ ካለው ዳገት እንደ ደረሱ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በክረምቱ ዝናብ የራሰው ተራራ ተንዶ ከፊታቸው መንገዱን ዘጋው። ሾፌሩ ወደ ኋላ ልመለስ ሲል ከኋላም ተናደ። አንድ የጭነት መኪና ግማሹ ጭቃ ውስጥ ገባ። ከመንገዱ ዳር ካለው የሠዓሊው ቤት ሰዎች አካፋ ይዘው ሮጠው መጡ፤ የትነበርሽም ለሠርጉ ያሰፋችውን አዲስ ጃኬት እንደ ለበሰች አብራቸው ጭቃ ስትዝቅ ዋለች። አሥር ሰዓት ላይ ከቤቱ በኩል የሴት ጩኸት ተሰማ።

ስልክ የሚሠራው ከጓሮው ቋጥኝ ላይ ሲወጡ ብቻ ነበር። ወጥታ ደባርቅ ደወለች።

«መንገዱን የሚጠርገው ግሬደር ነገ ጠዋት ይደርሳል» አላት ተረኛው። «እስከዚያ ከቤቱ ማንም እንዳይወጣ። ሚሊሻው እንደ ነገረን የቤት ሠራተኛዋ ናት አሉ። ጠዋት ይዘናት እንሄዳለን።»

ያቺን ሴት ምን እንዳስጠረጠራት የትነበርሽ አልጠፋትም። ቤቱ ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ፤ የሟች ታላቅ እህት ወይዘሮ ዓይናዲስ፣ ስድስት ዓመት ረዳቱ የሆነው ሙሉቀን፣ በዚያው ጠዋት ከጎንደር ቀለም ይዞ የመጣው የቀድሞ ተማሪው መምህር ምንይችል፣ እና ሠራተኛዋ ባንቺአየሁ። ሁለቱ ወንዶች ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ አሥር ሰዓት ከየትነበርሽ ጎን ጭቃ ሲዝቁ ነበር። ወይዘሮ ዓይናዲስም ለመንገደኛው ውሃ ሲያድሉ ዓይኗ እያየ ነው። የሦስቱም ምስክር ራሷ መርማሪዋ ናት! ቤት የቀረችው ባንቺአየሁ ብቻ ነበረች።

ጉሙ ወርዶ ቤቱን ዋጠው። ከመስኮቱ አልፎ አንድ ክንድ አይታይም። የትነበርሽ ስታስብ መራመድ ትወዳለች፤ ያ ቤት ግን ከአራት ርምጃ በላይ አያስኬድም። አራት ሄዳ ትዞራለች፣ አራት ሄዳ ትዞራለች። ከሰዎቹ ጋር አንድ ላይ የታሰረች መሰላት፣ ደግሞም ታስራለች፤ ደጁን የዘጋችው ግን በራሷ ትእዛዝ ነው። ይህ ይበልጥ አናደዳት።

ሬሳውን ወደ ጓዳ አስወስዳ፣ ወይዘሮ ዓይናዲስን በመጀመሪያ ወደ ሥራ ክፍሉ አስጠራቻቸው። ዓይናቸው በለቅሶ አብጧል።

«እሷ ናት!» አሉ ሳይቀመጡ።

«ከምን ተነሥተው?»

«ትናንት ወንድሜ ተቆጥቷታል። ልጄን ላጥባ እያለች ቀን በቀን ሥራ ጥላ ትወርዳለች። ከእንግዲህ አትሄጂም አላት። ቂም ያዘች፣ አፈነችልኝ!»

«ዛሬ ወንድምዎን መቼ አዩት?»

«አራት ሰዓት ላይ። ከእንግዳው ጋር ሻይ ይጠጡ ነበር። ዋልያውን ነድፎ ጨርሷል፤ ቀለም የነካው ቅጠል ግን አንድም አልነበረም፣ ነጭ ወረቀት ነው። ይኸው አሁን ዙሪያውን ሞልቶታል። እኛ መንገድ ላይ ስንለፋ እሱ በሕይወት ተቀምጦ ይሥል ነበር ማለት አይደለም? ታዲያ ከእሷ ሌላ ማን ገባ?»

ሴትየዋ በንዴት ቢናገሩም ስሌታቸው ደህና ነው።

«ወንድምዎ የሚቀየመው ሰው ነበር?»

«ኧረ እሱ! ሰኞ እንኳ ጎንደር ሊወርድ ተዘጋጅቶ ነበር። ምንይችል ዐውደ ርዕይ ይከፍታል። "ተማሪዎችህ ፊት እኔም አንድ እንስሳ እነድፋለሁ፣ አንተም ትነድፋለህ" ብሎታል። እንዴት ያለ መዋደድ መሰለዎት!» አሉና እንደ ገና አለቀሱ።

ቀጥሎ ሙሉቀን ገባ። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ከጥያቄው በላይ የማይናገር ሰው ነው። የትነበርሽ ወረቀቱ ፊት አቆመችው። ወረቀቱ ለሕፃናት መታከሚያ ክፍል ግድግዳ ከተዘጋጁት አሥራ ሁለት እንስሳት የመጨረሻው እንደ ሆነ ነገራት።

«ቅጠሉ እንዴት ነው የሚሠራው?»

«ከእንስሳው ጠርዝ ይጀመርና ወደ ውጭ ይኬዳል። መጀመሪያ ጥቁሩ አረንጓዴ፣ ሲደርቅ መካከለኛው፣ ብርሃን የሚያርፍበት ፈዛዛው መጨረሻ። አክሪሊክ ቀለም ነው፤ አንዱ በአንዱ ላይ ይቀመጣል እንጂ አይቀላቀልም።»

«ይህን ለመጨረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«አያ አዳነ ዘገምተኛ ነበር። ከአራት ሰዓት አያንስም።»

«ቅጠሉን ሳያይ፣ ከሐሳቡ ነው የሚሥለው?»

«የለም! በየጠዋቱ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ፊቱ ይቀመጥለታል። እሱን እያየ ነው። እንስሳውን ደግሞ ሁለት ጊዜ ይነድፈዋል፤ የመጀመሪያውን ንድፍ ለማስተማሪያ ይሁንህ ብሎ ለመምህር ምንይችል ይሰጠዋል፣ ሁለተኛው ላይ ይሠራል። የዚህን ዋልያ የመጀመሪያ ንድፍ ባለፈው ወር ሰጥቶታል።»

የትነበርሽ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ማሰሮ አየች። ውስጧ የቀጋ ቅርንጫፍ ከነእሾሁ ቆሟል፤ ቅጠሉ ትንንሽ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ የተከረከመ። ውሃው ንጹሕ ነው፤ የቅርንጫፉ ግንድ ገና አልጠቆረም።

«አሮጌዎቹ አረንጓዴ ማርከሮች የታሉ?»

«ከትናንት ወዲያ አለቁ። ጣልኳቸው። መምህር ምንይችል ዛሬ እነዚህን እስኪያመጣ አንድም አልነበረን።»

ምንይችል አርባ ዓመት ገደማ የሆነው፣ አነጋገሩ የታረመ ሰው ነው። ጭቃ የደረቀበትን ጫማውን በወረቀት ጠራርጎ ገባ። ሲቀመጥ ዓይኑ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ከጉም በቀር የሚታይ የለም።

«ሦስት ሰዓት ላይ ደረስኩ» አለ። «ሻይ ጠጣን። ማርከሮቹን ሰጠሁት፤ ወዲያው ከፍቶ ጀመረ። ከቀንዱ በላይ ያለውን ቅጠል ዓይኔ እያየ ነው የሣለው። አምስት ሰዓት ላይ ተሰናበትኩት። "ስትወጣ ሻርፑን በሩ ላይ ስቀልልኝ" አለኝ፤ ሻርፑ ከተሰቀለ ማንም አይገባበትም። ከሙሉቀን ጋር ምሳ በላሁ። ለመሄድ መኪናዬን ሳስነሣ ተራራው ተናደ።»

«መስኮቱስ?»

«ያን ጊዜ ክፍት ነበር መሰለኝ።»

«ሰኞ ትልቅ ቀን አለዎት አሉ።»

ምንይችል ኪሱ ገብቶ የጥሪ ካርድ አወጣ። እንዲህ ባለ ሰዓት ካርድ ማደል ነውር እንደ ሆነ የገባው ከሰጣት በኋላ ነው። ካርዱ ላይ አንድ ጭላዳ ዝንጀሮ ከቅጠል መካከል ተቀምጣ ልጇን ታሻለች። ከሥሩ «ሠዓሊ ምንይችል» ይላል።

«ቅጠሉ ግሩም ነው» አለች የትነበርሽ፤ እውነቷን ነበር።

«አመሰግናለሁ። ጎንደር መቼ እንደምገባ ይነግሩኛል?»

«እኔም መቼ እንደምወጣ ብነገር ደስ ባለኝ፣ መምህር።»

ከዚያ ብርድ ልብስ ከመኪናዬ ላምጣ አለ፤ መኪናው ግቢው ውስጥ ስለ ነበር ፈቀደችለት። በመስኮቱ ስትጠብቀው፣ በጉሙ ውስጥ የክብሪት ብርሃን ጭል ብሎ አየች። ወዲያው ጠፋ። ሰውዬው ብርድ ልብሱን ታቅፎ ተመለሰ፤ ከልብሱ የሲጋራ ሽታ አልነበረም።

ብቻዋን ስትቀር ግድግዳውን ዞራ አየች። ሟቹ በእርሳስ የነደፋቸው እንስሳት በመርፌ ተሰክተዋል፤ ከመካከላቸው ያችው ጭላዳ ከነልጇ በስድስት ዓይነት አቀማመጥ አለች። ካርዱን አስጠግታ አየችው። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ተመልሳ ከአምስቱ ማርከሮች አንዱን አነሣች። ጫፉ አረንጓዴ ነው፤ የተሠራበት ነው። ክዳኑን አውልቃ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጫን ስታደርገው ቀለሙ ቡልቅ ብሎ ወረቀቱንም፣ ጣቷንም፣ የጃኬቷንም እጅጌ አጠመቀው።

«ወይ ጉዴ! የሠርግ ልብሴን!» አለች። በውሃ ብታሸው ብሶበት ቀረ።

ባንቺአየሁ በመጨረሻ ገባች። ሃያ አምስት ቢሆናት ነው። ነጠላዋን ደረቷ ላይ ደራርባ ይዛዋለች፤ ነጠላው ግን እርሷ ልትደብቅ የፈለገችውን እርጥበት አልደበቀም። ወተት ነው።

«ልጅሽ ስንት ወሯ ነው?»

«ሰባት፣ እትዬ። ከወንዙ ማዶ ከጎረቤቴ ዘንድ ናት። ከጠዋት ጀምሮ አልጠባችም።»

የትነበርሽ አያ ቢያዝንን ልጂቱን እንዲያመጣ ልካው ነበር። ወንዙ ሞልቶ መሻገር አልቻለም።

«ከሰሉን ያስገባሽው አንቺ ነሽ?»

«ሦስት ሰዓት ላይ ነው፣ ፍም አድርጌ። መስኮቱንም በሽብልቅ ገርበብ አድርጌለታለሁ፣ ሁልጊዜም እንዲህ ነኝ። ከዚያ ሻርፑን በሩ ላይ ሳይ ማን ይደፍራል? አሥር ሰዓት ሆኖ አልወጣ ሲለኝ ነው የገፋሁት።»

«ቀጋውን ማን ቆረጠው?»

«እኔው ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ አመጃ ነበር የምቆርጥለት። ዛሬ ጠዋት "አመጃ ሰለቸኝ፣ ሸጋ ቀጋ አምጪልኝ" አለኝ።» ባንቺአየሁ ከዚህ በኋላ ዓይኗ በየትነበርሽ እጅጌ ላይ ዐረፈ። «ውይ፣ እርስዎንም ተፋብዎት?»

«ምኑ?»

«ቀለሙ ነዋ። ከጎንደር ሲመጣ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሲጫኑት ይተፋል። አንድ ጊዜ ከተፋ በኋላ አይተፋም። አያ አዳነና ሙሉቀን ጨርቅ ጠቅልለውበት ነው የሚከፍቱት፤ ጨርቁን የማጥበው እኔ ነኝ፣ ያው መስኮቱ ሥር ተሰጥቷል። "ቆለኛ ዳገት ሲወጣ እንዲህ ነው" እያለ ይስቅ ነበር።»

የትነበርሽ ጨርቁን አነሣችው። ቀይ አለ፣ ቢጫ አለ፣ ሰማያዊ አለ። አረንጓዴውም አለ፣ ግን ታጥቦ የደበዘዘ አሮጌ ነው። የዛሬ የሚባል ጠብታ አልነበረበትም።

«እትዬ» አለች ባንቺአየሁ በቀስታ፣ «ደባርቅ ከወሰዱኝ ልጄን ይዤ እገባለሁ ወይስ ያስቀሯታል?»

የትነበርሽ ልትመልስላት ፈለገች፤ ግን ያልጨረሰችውን ነገር መናገር ልማዷ አልነበረም። «ነገ ጠዋት ይታያል» አለቻት። ያን ቃል በኋላ ብዙ ጊዜ ተጸጸተችበት።

በማግሥቱ ሁለት ሰዓት ላይ የግሬደሩ ጩኸት ከዳገቱ ማዶ ይሰማ ጀመር። የትነበርሽ ሁሉንም በሥራ ክፍሉ ሰበሰበቻቸው። ወይዘሮ ዓይናዲስ ብቸኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሙሉቀን ግድግዳውን ተደገፈ። ምንይችል ሹራቡን ቆልፎ፣ ለመንገድ እንደ ተዘጋጀ ሰው ቆሟል። ባንቺአየሁ በሩ አጠገብ ናት፣ አያ ቢያዝን ከኋላዋ። ነጠላዋ ከትናንቱ ይልቅ ርሷል፤ ሌሊቱን ሁሉ ስታቃስት ሰምተዋታል።

«መኪናው ሳይደርስ ልጨርስ» አለች የትነበርሽ። «ባንቺአየሁን የከሰሳት ማን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ?»

«እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ዓይናዲስ።

«እርስዎ አይደሉም። ይህ ቅጠል ነው።» ወረቀቱን አነሣችው። «አራት ሰዓት ላይ ቅጠል አልነበረም። ይህን ያህል ቅጠል ደግሞ አራት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ አዳነ ቢያንስ እስከ ስምንት ሰዓት በሕይወት ነበር፣ ሦስታችሁም ያን ጊዜ ከእኔ ጋር ነበራችሁ፣ እሷ ብቻ እዚህ ነበረች። ቅጠሉ እውነት ከሆነ እሷ ናት። ቅጠሉ ሐሰት ከሆነ ግን አዳነ የሞተው ቀደም ብሎ ነው፤ አራታችሁም እንደ አዲስ ትጠየቃላችሁ። ሙሉቀን፣ ይህ የምን ቅጠል ነው?»

ሙሉቀን ቀረብ ብሎ አየው። ቅጠሉ ቀጭን፣ ረዘም ያለ፣ ጠርዙ ልሙጥ ነው። «አመጃ» አለ። ወዲያው ወደ ማሰሮዋ ዞረና ፊቱ ተለወጠ። «ማሰሮው ውስጥ ያለው ግን ቀጋ ነው!»

«ትናንት ጠዋት በራሱ በአዳነ ትእዛዝ የተቆረጠ ቀጋ። ሳያይ አይሥልም ብለኸኛል። ቀጋ ፊቱ አስቀምጦ አመጃ የሚሥልበት ምክንያት ምንድን ነው? ይህን የሣለው ሳምንቱን ሙሉ አመጃ እንደ ተቆረጠ የሚያውቅ፣ ትናንት ግን እንደ ተለወጠ ያልሰማ ሰው ነው። ሁለተኛ፣ የሟቹ ጣቶች። አያ ቢያዝን፣ ከሰል ነበረባቸው?»

«አልነበረም።»

«አረንጓዴስ?»

ሚሊሻው አሰበ። «እንዴ! እሱም አልነበረም።»

«አራት ሰዓት ሙሉ አረንጓዴ የሣለ ሰው ጣቱ ንጹሕ ነበር። ሦስተኛውን መምህር ያሳዩናል።» ከቀሩት አራት ማርከሮች አንዱን ለምንይችል ዘረጋችለት። «ትናንት ከፍቶ ሲሥልበት አይቻለሁ ያሉት ነው። እስቲ አንዲት ቅጠል ይሣሉልን።»

ምንይችል ጥያቄው ቀላል መሰለው። ክዳኑን አውልቆ ቁራጩ ወረቀት ላይ ጎንበስ አለ።

«ጨርቅ ያዝበት እንጂ!» አለ ሙሉቀን ሳያስበው።

ዘግይቶ ነበር። ቀለሙ ቡልቅ ብሎ በመምህሩ ጣቶች መካከል ፈሰሰ። ከውጭ ግሬደሩ ድንጋይ ሲገፋ ይሰማል።

«ከጎንደር የመጣ ማርከር እዚህ ዳገት ላይ መጀመሪያ ሲጫኑት ይተፋል» አለች የትነበርሽ። «በውስጡ ያለው አየር እዚህ ላይ ሲወጣ ይነፋል፤ ብዙ የተሠራበት ሲሆን ይብሳል። አንድ ጊዜ ከተፋ ግን ያርፋል። የዚህ ቤት ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ እርስዎ ግን ቀለም ያመጣሉ እንጂ እዚህ ተቀምጠው ሥለው አያውቁም። ማርከሮቹ ጫፋቸው አረንጓዴ ነው፣ ተሠርቶባቸዋል። ግን እዚህ አይደለም። እኔ ትናንት አንዱን፣ እርስዎ ዛሬ ሌላውን እስክንከፍት ድረስ እዚህ ቤት ማንም አልተጫናቸውም፤ መክፈቻው ጨርቅ ላይም የትናንት አረንጓዴ የለም። ታዲያ አዳነ በእነሱ ሲሥል በዓይንዎ ያዩት እንዴት ነው?»

«ምናልባት... ሌላ ማርከር ይሆናል።»

«ሌላ አረንጓዴ አልነበረም» አለ ሙሉቀን።

«ቅጠሉን የሣሉት ጎንደር፣ ቤትዎ ተቀምጠው ነው፤ ባለፈው ወር አዳነ በሰጠዎት በመጀመሪያው ንድፍ ላይ። ዋልያው የእሱ እጅ ስለ ሆነ ማንም አይጠረጥርም። ትናንት ይዘውት መጡ። አዳነን በሻይ አስተኙት ብዬ እገምታለሁ፤ ነቅቶ ቢሆን ጭሱ ሲከብደው ተነሥቶ ይወጣ ነበር። ወረቀቶቹን ቀየሩ፣ ጥሬ ከሰል ከፍሙ ላይ ጨመሩ፣ ሽብልቁን አውልቀው መስኮቱን ዘጉ፣ ሻርፑን ሰቀሉ። ሐሳብዎ ምሳ በልተው መሄድ ነበር። ከሄዱ በኋላ አዳነ ለሰዓታት ሲሥል እንደ ዋለ ወረቀቱ ይመሰክርልዎታል። ተራራው ግን አላሳለፈዎትም።»

«ለምን?» አሉ ወይዘሮ ዓይናዲስ። «ልጄ፣ እንደ ልጁ ነበር እኮ የሚያይህ!»

የትነበርሽ ካርዱን አውጥታ ግድግዳው ላይ ካሉት ጭላዶች አጠገብ ያዘችው። ማስረዳት አላስፈለጋትም። ሙሉቀን አንዴ አይቶ ጭንቅላቱን ያዘ።

«ዘጠኝ ዓመት» አለ ምንይችል። አረንጓዴ እጁን ከሰውነቱ አርቆ ይዞታል። «ለማስተማሪያ የሰጠኝን በስሜ አሳየሁ። አንድ ጊዜ ነበር የመሰለኝ። ከዚያ ሰዎች ሌላ አምጣ አሉኝ፣ ሥራም በዚያው ተገኘ። እኔ እንስሳ መንደፍ አልችልም፤ የምችለው ቅጠል ብቻ ነው። አዳነ ካርዱን አየና አልተቆጣም። "ሰኞ እመጣለሁ፣ ተማሪዎችህ ፊት አብረን እንነድፋለን" አለኝ። ለመንኩት። ሳቀ። ከዚያ በኋላ የምወጣበት መንገድ አልታየኝም።»

«ትናንት የተነደፈውስ ወረቀት?» አለች የትነበርሽ። «መኪናዎ ውስጥ ነው። ክብሪት ሲጭሩ አይቻለሁ፤ አላቃጠሉትም።»

«በወረቀት መያዣው ቱቦ ውስጥ ነው» አለ ምንይችል። «እሳቱን አስጠግቼው ነበር። ከሠራቸው ሁሉ የሚበልጠው ነው። አልቻልኩም።»

ሙሉቀን ሮጦ አመጣው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፤ ዋልያው አለ፣ በዙሪያውም የቀጋ ቅጠል ከነእሾሁ በእርሳስ ብቻ ስስ ሆኖ ተነድፏል። ወይዘሮ ዓይናዲስ ወረቀቱን ሳይነኩ በእጃቸው ከላይ ከላይ ዳሰሱት።

ፒካፗ አራት ሰዓት ላይ ደረሰች። ሁለት ፖሊሶች ምንይችልን በካቴና ይዘው ከኋላ ጫኑት። ወይዘሮ ዓይናዲስ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ፤ ሙሉቀን ያጽናናቸዋል። የትነበርሽ የመኪናውን አፍንጫ እንደ ጠረጴዛ ተጠቅማ ቃሉን ጻፈች፣ ማርከሮቹን አሸገች፣ ወረቀቶቹን ቆጥራ አስረከበች። ሥራዋ ሲያልቅ እንደ ሁልጊዜው ደስ አላት። ወደ አውቶቡሷ ልትሄድ ስትዞር ዓይኗ ፒካፗ ኋላ ላይ ወደቀ።

ባንቺአየሁ እዚያ ተቀምጣለች። ከምንይችል ፊት ለፊት፣ ጉልበቷን ሰብስባ፣ አንዲት ትንሽ ፌስታል ይዛ።

«እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ምነው፣ እትዬ? ጠዋት ትወሰጃለሽ ብለውኝ የለ?»

«ሁሉን ስናገር አልሰማሽም? የገደለው እሱ ነው እኮ!»

«ሰምቻለሁ» አለች ባንቺአየሁ። ከንፈሯ ደርቋል። «እኔን ግን ማንም ሂጂ አላለኝም።»

የትነበርሽ አፈረች። ወረቀት ሲታሸግ፣ ቃል ሲጻፍ፣ ይህቺ ሴት ጡቷ እየፈሰሰ መኪና ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ፣ አንድ ቃል የነገራት አልነበረም። እርሷም ብትሆን አልነገረቻትም። እጇን ዘርግታ ክንዷን ያዘቻት።

«ውረጂ፣ እኅቴ። ሂጂ።»

«ወንዙስ? ያሻግረኛል?»

«ጎድሏል፤ ዛሬ ጠዋት አይቼዋለሁ» አለ አያ ቢያዝን ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ።

ባንቺአየሁ ወረደች። ጥቂት ርምጃ በዝግታ ሄደችና ዞራ ፖሊሶቹን አየቻቸው። የሚከተላት አልነበረም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሠረችና ቁልቁለቱን ሮጠች።